ስድስት ቤት በአንድ ቁልፍ

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ ድርጅቶች ድረ ገጽ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። እስካሁን ስድስት ሠርቻለሁ፤ የጥርስ ክሊኒክ፣ የልብስ መደብር፣ የእንጨት ሥራ ድርጅት፣ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ፣ የቋንቋ ማስተማሪያ ማዕከልና የአንድ ፎቶግራፍ አንሺ። ሁሉም ያሉት በአንድ ርካሽ የሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ኪራይ) አካውንት ውስጥ ነው። ማስታወቂያው «ገደብ የሌለው» ይላል። መጀመሪያ ደኅና ነበር። አሁን ግን የልብስ መደብሩ ገዢ ሲበዛበት «508» የሚል ስሕተት ያወጣል፤ በዚያው ሰዓት ሌሎቹም ይንቀራፈፋሉ። ከክሊኒኩ የሚላከው የቀጠሮ ማረጋገጫ ኢሜይልም የታካሚዎቹ ስፓም ውስጥ ይገባል። ይባስ ብሎ ውሌን ላድስ ስል ዋጋው ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። አንድ ወዳጄ «ቪፒኤስ ግዢና ተገላገዪ» ይለኛል፤ ለብቻ የተከፈለ የሰርቨር ድርሻ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ድርጅት አግኝቻለሁ፤ ስሙን ከታች ጽፌልዎታለሁ። የሦስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ትልቅ ቅናሽ አለው፤ ቅናሹ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ያበቃል። ልግባበት? ካልሆነስ የትኛው ድርጅት ይሻላል?

ስድስቱን የተሸከመችው

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ስም እንድጠራልዎ ጠብቀው ከሆነ ቅር እንዳይልዎ፤ አልጠራም። የላኩልኝንም ስም ከደብዳቤዎ ላይ አንሥቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለተመሳሳይ ጥያቄ አንድ ድርጅት አመስግኜ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ተሸጠ፣ ደንበኛ የሚያስተናግዱት ሰዎች ተቀየሩ፤ በእኔ ምክር የገቡት ሰዎች ወቀሳ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚህ ንግድ ውስጥ ስም ራሱ ይገዛል፣ ይሸጣል። ብሉሆስትንና ሆስትጌተርን ሌሊቱን ሙሉ ሲያወዳድር አድሮ አንዱን የመረጠ ሰው፣ ሁለቱም የአንድ ባለቤት መሆናቸውን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ባለቤቱ ኢንዱራንስ ይባል ነበር፤ በ2021 ከዌብ ዶት ኮም ጋር ተጣምሮ ኒውፎልድ ዲጂታል ተባለ። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ የሆነ ስም ከምነግርዎ፣ ያ ስም ነገ ቢበላሽ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠቅልለው የሚወጡበትን አሠራር ብነግርዎ ይበጅዎታል። የሆስቲንግ ድርጅት ሲመርጡ ከመግቢያው በር በፊት መውጫውን ይፈልጉ።

አሁን ወደ ሕመሙ። ያቺ 508 ቁጥር ብዙ ትናገራለች። ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ የሚሸጡ ብዙ ድርጅቶች ክላውድሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ይጠቀማሉ። በአንድ ሰርቨር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ደንበኞች ስለሚኖሩ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይሻማ፣ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ አካውንት የፕሮሰሰር፣ የሜሞሪና በአንድ ቅጽበት የሚስተናገዱ የጎብኚ ጥያቄዎች (ገጽ ይከፈትልኝ ማለት ነው) ጣሪያ ያበጅለታል። በአንድ ጊዜ የሚገቡት ጥያቄዎች ከጣሪያው ሲያልፉ ጎብኚው 508 ያያል። ሰርቨሩ አልወደቀም ማለት ነው፤ ያለቀው የእርስዎ ድርሻ ነው። ጣሪያው የተሠራው ደግሞ ለአካውንቱ እንጂ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ አይደለም። የልብስ መደብሩ ሲጨናነቅ የጥርስ ክሊኒኩ አብሮ የሚታፈነው ለዚህ ነው።

«ገደብ የሌለው» የተባለውስ? እሱ የዲስክ ቦታውን ነው የሚለው። ውሉን ዝቅ ብለው ቢያነቡ የፋይል ብዛት ገደብ ያገኛሉ፤ አይኖድ ይሉታል። ዎርድፕሬስ (ድረ ገጽ የሚሠራበት ፕሮግራም) ገና ባዶ ሳለ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ይዞ ይመጣል፤ በአካውንቱ ውስጥ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ኢሜይልም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ፋይል ይቆጠራል። ስድስት ድርጅቶች የአራት ዓመት ደብዳቤያቸውን ካከማቹ ቦታው ሳይሞላ ቁጥሩ ይሞላል። ሲሞላም ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ማንም ወደማይከፍተው የኢሜይል ሳጥን ነው።

መንቀራፈፉ ግን የችግርዎ ትንሹ ነው። ትልቁን ገና አላዩትም፤ እኔ አይቼዋለሁ። በአንድ ወቅት ዘጠኝ ድረ ገጾች በአንድ አካውንት ውስጥ አጉሬ እኖር ነበር፤ ክፍያው አንድ፣ ይለፍ ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁሉ ቅልል ያለ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዬ ደውላ «ድረ ገጼን የሚከፍቱ ሰዎች የቁማር ገጽ ይመጣብናል ይላሉ» አለችኝ። በኮምፒውተሬ ከፈትኩት፤ ደኅና ነው። በስልኬ አድራሻውን ጽፌ ከፈትኩት፤ ደኅና ነው። ሰዎቹ ሌላ ነገር ነክተው ይሆናል ብዬ ልተወው ስል፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ የድርጅቱን ስም ጎግል ላይ ፈልጌ ከውጤቱ በኩል ገባሁ። ቁማሩ ፊቴ ተዘረገፈ። ተንኮሉ የተጻፈው አድራሻውን በቃሉ የሚያውቀውን ባለቤት በሰላም እንዲያሳልፍ፣ ከፍለጋ የሚመጣውን ብቻ እንዲነጥቅ ነበር።

ፋይሎቹን በተቀየሩበት ቀን ደረደርኳቸው። ከላይ እስከ ታች ያለፈው ዓመት ቀን ነው፤ አንድ ፋይል ብቻ ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተቀይሯል። ስሙ የዎርድፕሬስን ፋይሎች ይመስላል፤ አንዲት ፊደል ብቻ ትበልጣለች። ስከፍተው ከዳር እስከ ዳር የማይነበብ የፊደልና የቁጥር ክምር ነው። አጠፋሁት፣ የይለፍ ቃሎቹን ቀየርኩ፣ እፎይ አልኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፋይሉ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ለሦስት ቀናት አጠፋለሁ፣ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ምንጩን ያገኘሁት ፈጽሞ ባልጠረጠርኩት ቦታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ባቆመ የሌላ ደንበኛ ድረ ገጽ ውስጥ ነው። ማንም አይጎበኘውም፣ ማንም አያድሰውም፤ አሮጌ የፎቶ ፕለጊኑ (ተጨማሪ ፕሮግራሙ) ግን በሩን ከፍቶ ተኝቷል። ሰርጎ ገቡ በዚያ ገብቶ ከስምንቱ ጎረቤቶች ወደ ፈለገው ይመላለስ ነበር።

ይህ የእኔ መጥፎ ዕድል አይደለም፤ የአሠራሩ ባሕርይ ነው። በአንድ አካውንት ውስጥ ያሉ ድረ ገጾች በሙሉ ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩት በአንድ ተጠቃሚ ስም ነው። የእንጨት ሥራው ድረ ገጽ ኮድ የክሊኒኩን ፋይል ማንበብና መጻፍ ይችላል፤ ሥርዓቱ ሁለቱን የሚለይበት ምክንያት የለውም። ድርጅቱ አንዱን አካውንት ከሌላው ቢያጥርም፣ አጥሩ በእርስዎ ስድስት ድረ ገጾች መካከል አያልፍም። ስድስት ቤቶች አሉዎት፣ የስድስቱም ቁልፍ አንድ ነው። ስለዚህ የትኛውም ድርጅት ጋር ቢሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ አካውንት፣ የራሱ ተጠቃሚ ስምና የራሱ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ይኖረዋል ወይ? «በአንድ አካውንት የፈለጉትን ያህል ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) መጨመር ይችላሉ» ብለው ቢመልሱልዎ የጠየቁትን አልመለሱም።

ይህን መለያየት በአነስተኛ ወጪ የሚሰጠው ሪሴለር ሆስቲንግ ነው። ስሙ መልሶ ለመሸጥ የታሰበ ያስመስለዋል፤ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን ዋናው ጥቅሙ በአንድ መቆጣጠሪያ ሥር ለየብቻ የታጠሩ አካውንቶች መክፈት ማስቻሉ ነው። ሲፓነል የሚባለው የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በ2019 የዋጋ አሠራሩን በሰርቨር ከመሆን በአካውንት ብዛት ወደመሆን ከቀየረ ወዲህ ድርጅቶች አካውንት እየቆጠሩ ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ አሥር ወይም አሥራ አምስት አካውንት የሚፈቅድ ጥቅል ይበቃዎታል፣ ሃምሳ የሚፈቅደውን አይግዙ። ሲፓነል የግድ ነው አልልም። ዳይሬክትአድሚንም ፕሌስክም ሥራውን ይሠራሉ። ሲፓነል ያለው ብልጫ የአንዱን አካውንት ሙሉ ቅጂ አውጥቶ ሲፓነል ባለው ሌላ ድርጅት ጋር መትከል ቀላል መሆኑ ነው፤ መውጫ በር ያልኩት አንዱ ይህ ነው። ድርጅቱ ራሱ የፈጠረው፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ መቆጣጠሪያ ካጋጠመዎት ውበቱን አድንቀው ይለፉት።

ከስድስቱ ግን አምስቱን ብቻ ነው ወደዚያ የምልከው። የልብስ መደብሩ የብቻው ቦታ ይፈልጋል። ምክንያቱን ላስረዳ። የእንጨት ሥራው ገጽ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥና ለመጣው ሁሉ ያው ቅጂ ይታደላል። ሰርቨሩ ብዙም አይደክምም። የመደብሩ ቅርጫትና የመክፈያው ገጽ ግን ለእያንዳንዱ ገዢ የተለየ ነው፤ ተቀምጦ አይጠብቅም፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠራል። ይህን የሚሠራው የፒኤችፒ ሠራተኛ የሚባለው ሂደት ነው። ጥቅልዎ አራት ሠራተኞች ካሉትና አንዱ ገጽ ለመሠራት አንድ ሰከንድ ከፈጀ፣ በሰከንድ የሚስተናገዱት አራት ናቸው፤ አምስተኛው ሰው ይሰለፋል፣ ሃያኛው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ለመደብሩ የሚሆን ጥቅል ሲጠይቁ «ስንት ጊጋባይት» ከማለት «ስንት የፒኤችፒ ሠራተኛ» ይበሉ። ጊጋባይቱ ለእርስዎ የሚያንስበት ጊዜ አይመጣም። ለመደብሩ የምመርጠው በድርጅቱ ባለሙያዎች የሚተዳደር የዎርድፕሬስ ሆስቲንግ ነው፤ ይወደዳል፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚያስገባው እሱ ነውና ወጪውን ባለቤቱ ሊሸከም ይገባዋል። ይህንንም 508 የወጣባትን ቀን ሽያጭ አሳይተው በግልጽ ይንገሩት።

የፎቶግራፍ አንሺውን ነገር በጎን ልበል፤ ገጹ ፎቶና ስልክ ቁጥር ብቻ ከሆነ ዎርድፕሬስም አያስፈልገው። ተዘጋጅተው የተቀመጡ ገጾችን ብቻ የሚያስተናግዱ አገልግሎቶች አሉ፤ ዳታቤዝ የለ፣ ፕለጊን የለ፣ የሚሰበር ነገር የለ። ብዙ ሰዎች ይህን የማይመርጡት ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል።

ወዳጅዎ «ቪፒኤስ ግዢና ተገላገዪ» ብሎዎታል። መገላገሉ ላይ አንስማማም። ቪፒኤስ ሲገዙ የሚረከቡት ባዶ ቤት ነው። ማሻሻያ የሚጭነው፣ ሰርጎ ገብ የሚከላከለውን አጥር (ፋየርዎል) የሚያቆመው፣ ዳታቤዙ በሌሊት ሲቆም የሚያስነሣው፣ የኢሜይሉን ሥርዓት የሚጠግነው እርስዎ ነዎት። ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የይለፍ ቃሉን የሚሞክሩ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ያንኳኩበታል፤ የሰርቨሩን የመግቢያ ሙከራዎች መዝገብ ከፍቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ሥራ የሚወድ ሰው አለ፤ ወዳጅዎ ከነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ ግን የጻፉልኝ ከሥራው ብዛት መተንፈሻ አጥተው ነው። ለሊኑክስ ያለዎት ፍቅር ከእንቅልፍዎ የማይበልጥ ከሆነ ይተዉት። አንድ ቀን የመደብሩ ስፋት ካስገደደዎት ድርጅቱ ራሱ የሚያስተዳድረውን ዓይነት ይውሰዱ፤ ከመውሰድዎ በፊትም «ማስተዳደር» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። አንዳንዱ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራትን ማስተዳደር ይለዋል።

ወደ ክሊኒኩ ኢሜይል ልምጣ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፣ ምክንያቱም ታካሚ ቀጠሮ ሲያመልጠው ስለ ስፓም ማብራሪያ አይሰማም። በጋራ ሰርቨር ላይ የመቶ ደንበኞች ደብዳቤ የሚወጣው በአንድ የአይፒ አድራሻ (የሰርቨሩ መለያ ቁጥር) ሊሆን ይችላል። ከመቶው አንዱ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ከበተነ አድራሻው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ የጥርስ ክሊኒኩ ምንም ሳያጠፋ አብሮ ይቀጣል። በዚህ ላይ ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡበትን ደንብ አጥብቀዋል። ዶሜይኑ ላይ ሦስት መዝገቦች መኖራቸውን ይመልከቱ። ኤስፒኤፍ በዚህ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ዲኪም ደብዳቤው ላይ ፊርማ ያኖራል፤ ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ ለሚለው መልስ ይሰጣል። ለመመርመር ከክሊኒኩ ወደ ራስዎ ጂሜይል አንድ ማረጋገጫ ይላኩና በኮምፒውተር ላይ የመልእክቱን ዋና ቅጂ የሚያሳየውን ምርጫ ይክፈቱ። ሦስቱ ስሞች ከነውጤታቸው ከላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱ እንኳ ወድቆ ከሆነ በሽታውን አገኙት።

መዝገቦቹን ማስተካከል ግን ግማሹ መድኃኒት ነው። ሌላው ግማሽ የድርጅቶቹን ኢሜይል ከሆስቲንጉ ማውጣት ነው። የድረ ገጹ ሆስቲንግ ከኢሜይል ሳጥን ጋር «በነፃ» ሲሰጥዎ ያሰረዎት በዚያ ገመድ ነው፤ ድረ ገጹን ለማዛወር ባሰቡ ቁጥር የሰዎችን የዓመታት ደብዳቤ አብረው መሸከም ሊኖርብዎ ነው። ኢሜይሉን ለዚሁ ሥራ በቆመ አገልግሎት ያድርጉት። ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ ስም ወዴት እንደሚያመራ የሚገልጸው መዝገብ) ውስጥ የድረ ገጹና የኢሜይሉ አድራሻ የተለያዩ መስመሮች ስለሆኑ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ድረ ገጹ በራሱ የሚልካቸውን እንደ ቀጠሮ ማረጋገጫ ያሉ መልእክቶች ደግሞ ለዚሁ ብቻ በተዘጋጀ የመላኪያ አገልግሎት በኩል ያሳልፏቸው።

ዶሜይኑም እንዲሁ። «የመጀመሪያው ዓመት ዶሜይን በነፃ» የሚለውን ስጦታ አይቀበሉ። ዶሜይን በአንድ መዝጋቢ፣ ሆስቲንግ በሌላ ድርጅት ይሁን፤ ከሆስቲንጉ ጋር ሲጣሉ ስሙ በእጅዎ ይቀራል። ከዚያም በላይ፣ ስድስቱ ዶሜይኖች በማን ስም ነው የተመዘገቡት? በእርስዎ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ባለቤቶቹ ስምና ኢሜይል ያዙሩት፤ እርስዎ የቴክኒክ ኃላፊ ሆነው መቅረት ይችላሉ። አንድ ድርጅት አውቃለሁ፣ ዶሜይኑ የተመዘገበው ከሥራ በለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ነበር። የማደሻ ማሳሰቢያዎቹ ሁሉ ወደ ተዘጋ ሳጥን ሲገቡ ከርመው፣ ድርጅቱ ነገሩን ያወቀው ድረ ገጹም ኢሜይሉም በአንድ ጠዋት ሲጠፉ ነው። ዶት ኮም ከተሰረዘ በኋላም የ30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለው፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው ማደሻ እጅግ የከበደ ነው። ከዚያ ካለፈ ስሙ ለቀደመ ሁሉ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂን በሚመለከት አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ድርጅቱ «በየቀኑ ቅጂ እንይዛለን» ይላል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። መጋቢት 10 ቀን 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ድርጅት የመረጃ ማዕከል በሌሊት ተቃጥሎ አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ሰው አልተጎዳም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ግን ከመስመር ወጡ። ቅጂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ። ስለዚህ የእርስዎ ቅጂ በእርስዎ ስም በተከፈተ፣ ከሆስቲንግ ድርጅቱ ጋር ምንም ዝምድና በሌለው ማከማቻ ይቀመጥ፤ ለመደብሩ በየቀኑ፣ ለቀሩት በየሳምንቱ። በየሦስት ወሩ ደግሞ አንዱን ቅጂ አውጥተው በባዶ አካውንት ላይ ተክለው ይዩት። እኔ ለስምንት ወራት በትጋት የሰበሰብኩት ቅጂ ዳታቤዙን ሳይጨምር ፎቶዎቹን ብቻ ሲያስቀምጥ እንደነበር ያወቅኩት ባስፈለገኝ ቀን ነው።

እንግዲህ ድርጅቶቹን ወደ መፈተኑ። «ምርጥ አሥር ሆስቲንግ» ከሚሉ ገጾች አይጀምሩ፤ አብዛኞቹ እርስዎ በእነሱ ማስፈንጠሪያ ገብተው ሲገዙ ኮሚሽን ያገኛሉ፣ የደረጃውም ቅደም ተከተል የኮሚሽኑን መጠን ሲከተል አይቻለሁ። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ሦስት ድርጅቶች እመርጥና፣ ሳልገዛ በእረፍት ቀን በውድቅት ሌሊት አንድ ጥያቄ እልክላቸዋለሁ፦ «በዚህ ጥቅል አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የጥያቄ ብዛትና የፋይል ብዛት ጣሪያው ስንት ነው? ቅጂ መመለስስ ያስከፍላል?» ባለፈው ጊዜ ከአንዱ በግማሽ ደቂቃ መልስ መጣ፤ ስሜን ጠርቶ፣ በደስታ ፈንድቆ፣ ጥቅሉ ገደብ እንደሌለው ነግሮኝ የመግዣውን ማስፈንጠሪያ ላከልኝ። ሁለተኛው እስከ ሰኞ ዝም አለ። ሦስተኛው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያለ ሰላምታ ሁለት ቁጥር ጽፎ፣ «ቅጂ መመለስ ነፃ ነው፣ ለልብስ መደብር ግን ይህ ጥቅል ያንስዎታል» አለኝ። የገዛሁት ከዚህ ደረቅ ሰው ነው።

ሳይቋረጥ የመሥራት ዋስትናውን ቁጥር ብዙ አይመኑበት። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ነው፤ ቢያልፍም ካሳው አብዛኛውን ጊዜ ከወር ክፍያዎ ላይ የሚቀነስ ጥቂት ገንዘብ እንጂ የጠፋው ሽያጭ አይደለም። የሰርቨሩ ቦታ ግን ቁም ነገር ነው። ብርሃን በኦፕቲክ ፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ሰርቨሩ ከጎብኚው 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 80 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ አንድ ገጽ ለመክፈት ደግሞ ደርሶ መልሱ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። ይህን የሚያሳጥር ፕሮሰሰር የለም። የደንበኞችዎ ደንበኞች ወዳሉበት የቀረበውን የመረጃ ማዕከል ይምረጡ። የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት (ከጎብኚው ጋር ያለውን ግንኙነት ለማመስጠር የሚያገለግል ማረጋገጫ) ለብቻው የሚያስከፍል ድርጅት ካጋጠመዎት ደግሞ ይሻገሩት፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው አገልግሎት ከ2015 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፣ ጥሩ ድርጅቶችም ራሳቸው እየጫኑ ያድሱታል።

ስለ ዋጋው የምለው አጭር ነው። በትልቁ የተጻፈው የመግቢያው ዋጋ ነው፤ እርስዎ የሚኖሩት በማደሻው ነው። ያስደነገጠዎት ሦስት እጥፍ ገና ሲፈርሙ ውሉ ላይ በደቃቁ ተጽፎ ነበር። አዲሱንም ድርጅት በማደሻ ዋጋው ያወዳድሩት፤ ለመጀመሪያው ጊዜም በወር ወይም ቢበዛ በዓመት ይክፈሉ። የሦስት ዓመት ቅድሚያ ክፍያ ቅናሽ ይምሰል እንጂ መውጫውን በር በራስዎ ገንዘብ ማሸግ ነው።

መዛወሩን በጥድፊያ አያድርጉት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። መጀመሪያ ኢሜይሎቹ አዲሱ ቤታቸው ይግቡ፣ አንድ ሳምንት ይሠሩ። ቀጥሎ ድረ ገጾቹን ከቀላሉ ጀምረው አንድ በአንድ ይቅዱ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ይቅደም፣ መደብሩ ይዘግይ። ቅጂው በአዲሱ ሰርቨር ላይ መሥራቱን ሕዝብ ሳያየው መመርመር ይችላሉ፤ በራስዎ ኮምፒውተር ሆስትስ ፋይል ውስጥ የዶሜይኑን ስም ከአዲሱ የአይፒ አድራሻ ጋር በአንድ መስመር ቢጽፉ፣ ለእርስዎ ብቻ አዲሱ ይከፈታል። ሲጨርሱ መስመሩን መሰረዝ አይርሱ፤ እኔ ረስቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ለደንበኛዬ «እኔ ጋ ይሠራል» ስል ከርሜያለሁ። ከመቀየሪያው ቀን አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለው የዲኤንኤሱን ቲቲኤል (አሮጌው አድራሻ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱት፣ ለውጡ ቶሎ ይዳረሳል። መደብሩን በሚያዛውሩበት ሰዓት ግን ሽያጩን ለጥቂት ጊዜ ይዝጉት። ካልዘጉት ግማሹ ገዢ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ዳታቤዝ ትእዛዝ ያስገባል፤ ሁለቱን መልሶ ማጋጠም ምን እንደሚመስል በጠላቴም ላይ እንዲደርስ አልመኝም። አሮጌውን አካውንት ለአንድ ወር ያህል ሳይዘጉ ያቆዩት። የአሁኑ ውልዎ ማብቂያ ከዚህ ቀድሞ ከሆነ፣ ሦስት እጥፉን እያዘኑም ቢሆን የሚቻል ከሆነ ለአንድ ወር ብቻ ያድሱት።

ስለ 48 ሰዓቱ ደግሞ። ደብዳቤዎ እጄ ከገባ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ይህን መልስ ከመጻፌ በፊት የላኩልኝን ገጽ ከፈትኩት፤ ቀዩ ሰዓት 47 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ ሆኖ እየቆጠረ ነበር። ዘግቼ በሌላ ማሰሻ ከፈትኩት፤ አሁንም 47 ሰዓት ከ59።